የካሚዮኑ አውጫጭኝ

ያን ቀን ተራው ለእትዬ ዝማም ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ስሜን ትጠራው ነበር?

ይህን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱን አላገኘሁትም። አሁን ደግሞ የሚነግረኝ ሰው እንደሌለ ገብቶኛል። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ነገሩ የደረሰው ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። ሰኞ ቀን ነበር። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ ቀኑን ከነቁጥሩ ጽፌ አላስቀመጥኩትም። ሌላውን ግን አስታውሰዋለሁ። ያላስታወስኩትን እዚህ ውስጥ አልጨመርኩም።

የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ ዳር ነው። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ አረቄ እያወጣች ትሸጣለች፤ ታናሽ እህቴ አምስት ዓመቷ ነው። ጣሊያን ወደ ደጀን የሚወርደውን መንገድ ሲያሳድስ እኔ ጠጠር ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። የጣሊያን ሥራ መሥራት እንደሚያሳፍር አውቅ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ እንኳ ጫካ ነበር። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ የሚፈጭ እህል አልነበረም።

ሥራው ያለበት ቦታ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ስለዚህ ጧት የሚወስደን፣ ማታ የሚመልሰን ካሚዮን ነበር። ባለ ካሚዮኑ ጣሊያን ነው፤ ራሱ ይነዳል። ስሙን አላውቀውም። ሁላችንም «ሲኞር» ነበር የምንለው። አማርኛ ስለማያውቅ ካቦው ደስታ ያስተረጉምለታል። ካቦ ማለት የቀን ሠራተኛ አለቃ ነው።

መጀመሪያ መሳፈሪያው ቀላል ነበር። ጣሊያን አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ገባና መርከብ ቀረ ተባለ፤ ቤንዚን ተወደደ። ሲኞር መሳፈሪያውን እጥፍ አደረገው። ሳምንት ሳይቆይ እንደገና ጨመረ። አንዳንዶቹ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። በእግሩ የመጣ ይዘገያል፤ ሦስት ቀን የዘገየ ስሙ ይሰረዛል። ማታ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በመንገዱ ላይ ከጉብታው አናት የጣሊያን ምሽግ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ በእግሩ የሚያልፈውን፣ አርበኛ ነው እያሉ ሳይጠይቁ ይተኩሱበታል።

ስለዚህ ካሚዮኑ ላይ ቦታ ማጣት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አረቄውን ያመጣው የካቦው ሐሳብ ነው። «የጎጃም ዳግም አረቄ እሳት ነው፤ ከቤንዚኑ ጋር ብንቀላቅለውስ?» አለው። ሲኞር ሞከረው፤ ካሚዮኑ እያሳለው ሄደ። ከዚያ ወዲያ በገንዘብ ፋንታ በየሳምንቱ ሰኞ ጧት አንድ አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ እንድናመጣ ታዘዝን። ሁሉም ጠርሙሱን አንድ ታኒካ ውስጥ ይገለብጣል። ሲኞር ከታኒካው በማንኪያ ቀድቶ ክብሪት ይጭርበታል። ሰማያዊ ሆኖ ከነደደ እንሳፈራለን።

ወንዶቹ በነገሩ ይቀልዱ ነበር።

«ካሚዮኑም እንደኛ ሰው ሆነ። ሳይቀምስ ሥራ አይወጣም» ይላል አንዱ።

«ዛሬ እንኳ ስካሩ ሳይወጣለት አይቀርም፤ ዳገቱን በሆዱ ነው የሚሄደው» ይላል ሌላው።

እትዬ ዝማም አትቀልድም። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ አያልፍም። ባሏ ደብረ ወርቅ የተማረ ደብተራ ነበር፤ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ተገደለ። አንዲት የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ባሏ በሕይወት ሳለ ፊደል አስተምሯት ስለነበር ማንበብ ትችላለች። ከሠራተኛው ሁሉ ማንበብ የምትችል ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ፊደል እንደምመኝ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። አንድ ቀን ካሚዮኑ ላይ እጄን ያዘችና መዳፌ ላይ በጣቷ «ሀ»ን ጻፈችልኝ። ከዚያ በሳምንት አንድ የፊደል ቤት ታስተምረኝ ጀመር። አቧራው እየለበሰን፣ መንገዱ እያንገጫገጨን፣ መዳፌ ላይ እጽፍላታለሁ፤ ስሳሳት መዳፌን በቀስታ ትመታኛለች። ያ ጥቅምት ሲገባ ሰባተኛው ቤት ላይ ደርሰን ነበር።

«ሥራው ሳያልቅ እንጨርስ ይሆን?» እላታለሁ።

«እነዚህ መንገድ ጨርሰው አያውቁም፤ አይዞሽ» ትለኛለች።

እሑድ ማታ እናቴ ሁለት ጠርሙስ አረቄ ከግድግዳው ሥር አስቀምጣ ወደ ጎረቤት ሄደች። አንዱ በእህል የሚለወጥ ነው፤ አንዱ የእኔ መሳፈሪያ። እኔ በከሰል ግድግዳው ላይ «ሰ ሱ ሲ» እያልኩ እጽፋለሁ። ክርኔ አንዱን ጠርሙስ ገፋው። ሳነሣው ግማሹ ፈስሷል። ግማሽ ጠርሙስ ይዞ የመጣ አይሳፈርም። የእህሉን እንዳልወስድ እህቴን የምናበላት የለንም። ለእናቴ እንዳልነግራት ፊደሉን እንደምትከለክለኝ አውቃለሁ፤ «ሴት ልጅ ምን ይሠራላታል?» እያለች ሰበብ ስትፈልግ ነበር።

ሰኞ ጧት ካሚዮኑ ከሚቆምበት በታች ካለው ምንጭ ወረድኩ። ተንበርክኬ ጠርሙሱን ውሃው ውስጥ ከተትኩት። ቀና ስል እትዬ ዝማም ከማዶ ቆማለች። ጠርሙሷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ትታጠባለች። ጧት ጧት ከዚያ ታጥባ ዳዊቷን በቃሏ ትደግም እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

አየችኝ። ጠርሙሱን ከውሃው ሳወጣ ትየኝ አትየኝ ግን አላወቅኩም።

«ቶሎ በይ አንጓች፣ ይሄድብናል» አለችኝ።

ታኒካው ውስጥ ሁላችንም ገለበጥን። ሲኞር ክብሪት ጫረ፤ ነደደ። ሄድን።

ማታ ስንመለስ፣ ከምሽጉ በታች ካለው ዳገት ላይ፣ ካሚዮኑ ሁለት ጊዜ አሳለውና ቆመ። ሲኞር ወርዶ ከሞተሩ ሥር የሆነ ነገር ፈታ። በጣሳ ቀዳ። ክብሪት ጫረበት፤ አልነደደም። ደግሞ ጫረ፤ አልነደደም። ጣሳውን መሬት ላይ ወርውሮ ጮኸ።

ካቦው ወደ እኛ ዞረ። «ውሃ ነው ይላል። ከመካከላችሁ ውሃ የሰጠ አለ። ካላወጣችሁት ከነገ ጀምሮ ማንም አይሳፈርም፤ የሁላችሁም ስም ይሰረዛል» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «የአገራችሁን ሥርዓት ታውቁት የለም? አውጫጭኝ ተቀመጡ!» አለ።

አውጫጭኝ የቆየ ነገር ነው። አገር ውስጥ ሌባ ሲጠፋ ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱ ምሎ ያየውን ይናገራል። ከማን እንደሰማ መግለጽ የማይፈልግ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። የተጠረጠረው ደግሞ የራሱን ቃል ሳይሰጥ አይፈረድበትም።

ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ሃያ ያህል ሰው ነን። አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ፤ በአገራቸው ዳኛ ስለነበሩ እሳቸው መሐል ሆኑ።

እኔ የምቀመጥበት አጥቼ ቆሜ ነበር። እትዬ ዝማም ፈቀቅ አለችልኝ። «ነይ እዚህ ሁኚ፤ ወዲያ ያለው ድንጋይ ይወጋሻል» አለችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። መሐላው የመጣው በእኔ በኩል ነው። እሷ ቦታ ባትለቅልኝ ኖሮ ተራው ለእሷ ይቀድም ነበር።

«ያየሁትን ብደብቅ ዘሬ ይጥፋ። አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ የመጀመሪያው። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛውም።

ፀሐይ ወደ ተራራው ጫፍ ወረደች። ምሽጉ ላይ ወታደሮቹ ቆመው ሲያዩን ይታያል።

«ወፎቹ ሁሉ ዛሬ ወዴት በረሩ?» አለ ካቦው። «ወይስ ካሚዮኑ ጋር ጠጥተው ተኙ? ትንሽ ጠብቁ፤ ሲጨልም እነዚያ ከላይ ያሉት ያወጡላችኋል።»

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ዝማም ናት፤ በመሐላ ትጠየቃለች፤ ዋሽታ አታውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ማልኩ። እንዲህ አልኩ፦

«ዛሬ ጧት እትዬ ዝማምን ምንጩ ዳር አይቻታለሁ። ጠርሙሷም አብሯት ነበር።»

አንዲትም የውሸት ቃል አልነበረባትም። ስንት ጊዜ እየመዘንኩ አይቻታለሁ፤ እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት።

አያ ቢሻው ትክ ብለው አዩኝ። «ውሃ ስትጨምር አየሽ ወይ፣ ልጄ?»

«ያየሁት ይህን ነው» አልኩ።

«በቃ!» አለ ካቦው እጁን አጨብጭቦ። «ወፏ መጣች!»

«ቆይ እንጂ» አሉ አያ ቢሻው። «ቃሏን ሳትሰጥ? ይህ በሥርዓታችን የለም።»

«ሥርዓቱ ቤንዚን ይሆናል? ሥርዓቱን ታንከሩ ውስጥ ይጨምሩትና ያስነሡልን!»

እትዬ ዝማም ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም። ምን እንዳየሁም አላውቅም። አፏን ከፈተች፤ «እኔኮ…» አለች። ሲኞር ከጋቢናው ደብቆ ያስቀመጣትን ንጹሕ ቤንዚን ጨምሮ ኖሮ በዚያው ቅጽበት ሞተሩ ተነሣ። ቀጥሎ ያለችው አልተሰማም።

ሰዉ ሁሉ ወደ ካሚዮኑ ሮጠ። ፊቷን ልትታጠብ ነው የሄደችው ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ጧት ጧት እዚያ እንደምትታጠብ ግን ሃያውም ያውቃሉ። እኔም ተሳፈርኩ። ካቦው ከኋላ ቆሞ ስትወጣ ገፋት።

«አንቺ ውሃሽን ይዘሽ በእግርሽ!»

የካሚዮኑን ጎን ይዛ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ስሜን ጠራች።

«አንጓች፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ።»

ነጠላዋ ቦታዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ወረወርኩላት። ቀለበችው። ካሚዮኑ ፈጠነ።

ያን ዕለት ማታ የተኩስ ድምፅ አልሰማሁም፤ ሞተሩ ይጮህ ነበር።

በማግስቱ ጧት በዚያው መንገድ አለፍን። ከምሽጉ በታች፣ ከቦዩ ጠርዝ፣ በነጠላዋ ተሸፍና ተኝታለች። ማን እንደሸፈናት አላውቅም። አያ ቢሻው የጋቢናውን ጣራ በጡጫ እየመቱ «አቁም! አቁም እንቅበራት!» አሉ።

«እዚህ ላይ ከቆመ በምን ይነሣል? በእርስዎ አረቄ?» አለ ካቦው።

አልቆመም። ማታ ስንመለስ አልነበረችም፤ የአቅራቢያው አጥቢያ ሰዎች ቀብረዋታል ተባለ።

ያን ዕለት ካቦው በጣቱ ጠራኝና ከጋቢናው ኋላ፣ አቧራ ብዙ ከማይደርስበት፣ ከእሷ ቦታ አስቀመጠኝ። «ዓይን ያለሽ ልጅ ነሽ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሁሉም የቻለውን ያህል ጠንካራ አረቄ ይዞ መጣ። እኔም የእናቴን ምርጥ ነበር የያዝኩት። በዚያው ዳገት ላይ ካሚዮኑ አሳለውና ቆመ። ሲኞር ወርዶ ቀዳ፤ ክብሪት ጫረ፤ አልነደደም። ለካስ ነገሩ ከአረቄው ከራሱ ኖሯል፤ ወይም ደግሞ የእኔ ውሃ ገና አልወጣም። ይህንንም አላውቅም። ስለ አውጫጭኝ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁላችንም ወርደን ገፋን።

ጣሊያን ወጣ። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ትምህርት ቤት ገብቼ ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቤቶች ሳልሳሳት ስላነበብኩ መምህሩ ተገረሙ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው።

በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ሆንኩ። ኑሮዬ ከመጻሕፍት ጋር ሆነ። ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ተናዝዤ ነበር። ዋሽቼ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ኑዛዜው ራሱ ውሸት ነው።

የእትዬ ዝማም ልጅ የውብዳር ከአክስቷ ዘንድ አደገች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። የአንድ ማኅበር አባላት ነን። ከልጅነቷ ጀምሮ «የውሃዋ ልጅ» ይሏታል። ጠላዋን የቀመሰ ሁሉ «ውሃ አልበዛበትም?» ሳይል አይሄድም። እኔን «እትዬ» ነው የምትለኝ። እናቷን እኔ እንደምጠራት።

ባለፈው ዓመት ደጀን ለቅሶ ለመድረስ አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን። ቤንዚን የጨመረ ሰሞን ነው። ታሪፉ ሰማይ ወጥቷል። አውቶቡሱ ውስጥ ጧት ሄደው ማታ የሚመለሱ መምህራንና ሠራተኞች ሞልተው ያማርራሉ።

«ደመወዜን ለመንገድ ከፍዬ በነፃ ማስተማር ከጀመርኩ ወር ሆነኝ» ይላል አንዱ።

ከፊታችን የተቀመጠ፣ የውብዳርን የሚያውቃት ሰውዬ ወደ ኋላ ዞረ። «የውብዳር፣ መላው በአንቺ ዘንድ አይደለም እንዴ? እንደ እናትሽ ውሃ እንቀላቅልበት እንጂ!»

ሰው ሳቀ። የውብዳርም ሳቀች። የለመደችው ሳቅ ነው፤ ዓይኗ አይስቅም።

ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ወደዚያ ዳገት እየቀረበ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ውሃው የእኔ ነበር» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ከጠርሙሱ እስከ ነጠላው። ምንም አላስቀረሁም።

ስጨርስ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች።

«እናቴ ስትጨምር አይተሻል?» አለችኝ።

«አላየሁም። ፊቷን ነበር የምትታጠበው።»

«እሷስ? አንቺን አይታሻለች?»

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ስትበዪ፣ ስትጠጪ… ማኅበሩ ላይ ሲስቁብኝ አጠገቤ ነበርሽኮ።»

«ነበርኩ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አላየችኝም። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሾፌር፣ እዚህ አውርደኝ» አለች።

«እዚህ? ቤት የለ፣ ሰው የለ! ዳገት ላይ ቆሜ ቤንዚን ልጨርስልሽ እንዴ?»

«አውርደኝ አልኩህ!»

እያጉረመረመ አቆመ። ሰዉ «ምን ነካት?» እያለ ዞሮ ያያል። የነጠላዋ ጫፍ ከሥሬ ተይዞ ኖሮ ሳበችው።

«አንጓች፣ እግርሽን ሰብስቢ፤ ልለፍ» አለችኝ። «እትዬ» አላለችኝም።

ስለነገርኳት ቀለለሽ ወይ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ አልቀለለኝም። ያለኝን ሸክም ለእሷ ጨመርኩላት እንጂ የእኔ አልጎደለም። ቢሆንም ያን ሳቅ ዳግመኛ እንድትስቅ አልፈልግም ነበር።

ወርዳ ከቦዩ ጠርዝ ቆመች። ምሽጉ ከፈረሰ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ቦዩ ግን አለ። ከእሷ ጋር መውረድ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ ሾፌሩ፣ «ሌላ የሚወርድ አለ?» ብሎ ጠይቋል።

መኪናው ሲነሣ እኔ ተቀምጬ ነበር።